የጥርስ ሕክምና ክፍል ከወለሉ በታች

(በሬዲዮ ከተሰጠ ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



አንድ የጥርስ ሕክምና ክፍል ሥራው ተፈጽሞ ሲመረቅ ዓይንን የሚስበው ነገር ብዙ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ግድግዳው በነጭ ቀለም አምሯል፤ ወንበሩ በመካከል ተተክሏል፤ መብራቱም ከላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሪባኑን የሚቈርጠው ሹምም ሆነ የሚያጨበጭበው እንግዳ ይኸን አይቶ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ክፍል ለሕመምተኛ የሚጠቅም ወይም የማይጠቅም መሆኑ የተወሰነው ከዚያ ቀን ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ የወለሉ ኮንክሪት ገና ሳይፈስ፣ ቧንቧዎቹ በአፈር ላይ ተዘርግተው ሳሉ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምወደው ይህንኑ ዓይን የማያየውን ሥራ ነው።

«ይህ የመሐንዲስና የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እኛን የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። የሕንፃውን በጀት የሚይዘው፣ የጨረታውን ሰነድ የሚያዘጋጀው፣ በግዢ ኮሚቴ ተቀምጦ ወንበሩን የሚመርጠው፣ ሥራው ሲያልቅም የርክክቡን ወረቀት የሚፈርመው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መሐንዲሱ የሚሠራው የተነገረውን ነው። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ ነገሩን በጊዜው ሊያገናኝ የሚችለው ፋይሉን በእጁ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሁን ባይባልም፣ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ እነዚህ ቧንቧዎች ከየት መጡ የሚለውን እንመልከት። በዱሮ ዘመን የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቧንቧ የሚባል ነገር አያስፈልገውም ነበር። አሜሪካዊው ጄምስ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1871 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሰርሰሪያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር እየተረገጠ የሚዞር ነበር። በዚያን ጊዜ ወንበሩን ወደ መስኮት አስጠግቶ የቀን ብርሃን ያገኘ ሐኪም ክፍሉን አሰናዳ ይባል ነበር። ኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ጆን ቦርደን የተባለ የዋሽንግተን ከተማ የጥርስ ሐኪም በታመቀ አየር የሚዞር ፈጣን መሰርሰሪያ ለሥራ አቀረበ። የዚህ ዓይነቱ መሰርሰሪያ በደቂቃ 300 ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል። እንዲህ ፈጥኖ ሲዞር ይግላል፤ ጥርሱን እንዳያቃጥለውም ውሃ ሊረጭበት ግድ ይሆናል። ውሃ ከተረጨ ደግሞ ከሕመምተኛው አፍ ቶሎ የሚመጥጠው ኀይለኛ መምጠጫ ያስፈልጋል። የተመጠጠውም መሄጃ ስለሚያሻው የፍሳሽ መስመር መጣ። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውም ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ አየር፣ ውሃ፣ መምጠጫ፣ ፍሳሽና ኤሌክትሪክ የተባሉት አምስቱ መስመሮች አንዱ ሌላውን እየጎተተ የመጡ ናቸው። በዛሬው ጊዜ የራጅ ሥዕሉ በኮምፒዩተር ስለሚታይ የኮምፒዩተር ገመድ ስድስተኛ ሆኖ ተጨምሯል።

እነዚህ መስመሮች የሚገናኙት በአንድ ጠባብ ስፍራ ነው። ከወንበሩ ሥር ወይም ከእግርጌው አጠገብ በወለሉ ላይ የመስመሮች ሳጥን ይደረጋል፤ መጠኑ ከአንድ መለስተኛ ሻንጣ አይበልጥም። ከዚያ ሳጥን ውስጥ የየቧንቧውና የየገመዱ ጫፍ ብቅ ይላል። ቧንቧው በየትኛው በኩል፣ ከወለሉ በላይ ስንት ሳንቲ ሜትር መውጣት እንዳለበት የሚናገረው ፋብሪካው ከወንበሩ ጋር የሚሰጠው የመትከያ ንድፍ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ንድፍ ለሌላው አይሆንም። ሳጥኑ ከተገቢው ስፍራ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢዛነፍ የወንበሩ መሠረት አይሸፍነውም፤ ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ቱቦዎቹን በወለሉ ላይ እየጎተቱ ማገናኘት ሲሆን፣ ይህ ሠራተኛውን ያደናቅፋል፤ ለጽዳትም አይመችም። ሁለተኛው አዲሱን ወለል እንደገና መስበር ነው።

የሳጥኑን ቦታ የሚወስነው የወንበሩ አቀማመጥ ነው፤ የወንበሩን አቀማመጥ የሚወስነው ደግሞ የሐኪሙ አሠራር ነው። የሕመምተኛውን ራስ በሰዓት ገበታ ላይ እንደ 12 ቁጥር ብንቈጥረው፣ በቀኝ እጁ የሚሠራ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በ9 እና በ12 መካከል ነው፤ ረዳቱም ከወዲያ ማዶ በ3 ቁጥር አካባቢ ይቀመጣል። በግራ እጁ የሚሠራ ሐኪም ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ስለሚይዝ፣ ከራስጌውም ሐኪሙ በተሽከርካሪ በርጩማው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ስለሚያስፈልግ፣ ወንበሩን በክፍሉ መካከል አስተካክሎ ማስቀመጥ ለዓይን ያማረ ቢመስልም ለሥራ አይመችም። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ በፊት ሐኪሙ አሠራሩን ይናገር፤ ቀጥሎ የወንበሩ ዓይነት ይወሰን፤ ከዚያ የመትከያው ንድፍ ይምጣ፤ በንድፉም መሠረት ሳጥኑና ቧንቧዎቹ ይዘርጉ፤ ኮንክሪቱ በመጨረሻ ይፍሰስ።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ግን ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል። የሕንፃው ገንዘብ በአንድ የበጀት ዓመት፣ የመሣሪያው ገንዘብ በሌላ የበጀት ዓመት ከተመደበ ወለሉ ሲፈስ የወንበሩ ጨረታ ገና አልወጣም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በመላ ምት ቧንቧ መቅበር አይገባም። ለዚህ ችግር ሦስት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ከሁሉ የሚሻለው ነው፤ ይኸውም የግዢው ገንዘብ ኋላ የሚከፈል ቢሆን እንኳ የወንበሩን ዓይነት አስቀድሞ መወሰን ነው። ሁለተኛው በወለሉ ውስጥ ክዳን ያለው ቦይ ማስቀረት ነው፤ ቦዩ ከግድግዳው ተነሥቶ ወንበሩ ሊቆምበት እስከሚችለው ስፍራ ከደረሰ፣ ቧንቧዎቹ ኋላ ወለሉ ሳይሰበር ይገባሉ። ሦስተኛው፣ ወለሉ አስቀድሞ ፈስሶ ከተገኘ፣ ያለውን ሳጥን ለክቶ በጨረታው ሰነድ ላይ ማስፈር፣ ተጫራቹም ለዚህ የሚስማማ ወንበር እንዲያቀርብ ማስገደድ ነው። ክፍሉ በፎቅ ላይ ከሆነ ቧንቧዎቹ ከታችኛው ቤት ጣራ ሥር ሊያልፉ ስለሚችሉ ለጥገና ይመቻል፤ ነገር ግን በታች ያለው ቤት መዝገብ ቤት እንዳይሆን ማስተዋል ነው።

አሁን ወደ እያንዳንዱ መስመር እንግባ።

ስለ አየር በመጀመሪያ የሚነገረው ንጹሕና ደረቅ መሆን እንዳለበት ነው። አየሩ ወደ ሰው አፍ የሚገባ በመሆኑ መጭመቂያው፣ ማለት ኮምፕሬሰሩ፣ ዘይት የማይቀላቅል ዓይነት መሆን ይገባዋል፤ እርጥበቱንም የሚያደርቅ ክፍል ሊኖረው ያስፈልጋል። ወደ ወንበሩ የሚደርሰው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ባር ነው። መጭመቂያው ድምፁ ስለሚረብሽና ስለሚሞቅ የራሱ ማናፈሻ ያለው ክፍል ይሻል።

እዚህ ላይ የደጋ አገር ሰዎች ልናስበው የሚገባን አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ደሴና ጎንደርም ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መጭመቂያ ደግሞ የሚሠራው ከአካባቢው የሳበውን አየር በመጠቅጠቅ ነው፤ የሚሳበው አየር ከሳሳ የሚጠቀጠቀውም ያንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው በባሕር ወለል ልክ «ለ4 ወንበር ይበቃል» ብሎ የጻፈበት መጭመቂያ በአዲስ አበባ ለ3 ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይችላል። የመምጠጫው ፓምፕም ኀይሉ በዚሁ ምክንያት ይቀንሳል። ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም የተለኩት ከ1000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ነው። በጨረታው ሰነድ ላይ «መሣሪያው በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሰጠው መጠን ይገለጽ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ሳይጻፍ መቅረቱ ግን ከተከፈተ በኋላ አንድ ወንበር ሲሠራ ሌላው የሚደክምበት ክፍል ያመጣል።

የመሣሪያ መቀቀያውም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በክፍት ድስት መቀቀል ጀርሞችን ሁሉ አይገድልም፤ በግፊት እንፋሎት የሚሠራ መቀቀያ ግዴታ ነው። ይህም መሣሪያ 121 ዲግሪ ሙቀት ላይ ለመድረስ በባሕር ዳርቻ የግፊቱ መለኪያ 1 ባር ያህል ሲያሳይ፣ በአዲስ አበባ ግን 1.3 ባር ያህል ማሳየት አለበት። እንግዲህ ግፊቱን ብቻ አይቶ በቂ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ መታየት ያለበት ሙቀቱ ነው። ለመቀቀያው ክፍልም የራሱ የኤሌክትሪክ መስመርና የሞቀ ውሃ የሚችል ፍሳሽ በንድፉ ላይ ይግባ።

መምጠጫው ሁለት ዓይነት ፓምፕ አለው። አንደኛው በውሃ የሚሠራ ሲሆን፣ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ሳያቋርጥ ውሃ ይፈጃል። ሁለተኛው ያለ ውሃ የሚሠራ ደረቅ ፓምፕ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁለተኛውን መምረጥ ብልኅነት ነው። ቧንቧው ሰፊ ይሁን፤ ደም፣ ምራቅና ፍርፋሪ ስለሚያልፍበት እንደ ክርን ቀጥ ብሎ በሚታጠፍ ማገናኛ ሳይሆን በዝግታ በሚዞር ማጠፊያ ይሠራ፤ ጥቂት ተዳፋትም ይኑረው። ከፓምፑ የሚወጣው አየር የሰው አፍ ጀርም ስላለበት ከጣራ በላይ ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ፣ መጭመቂያው አየር ከሚስብበት ቀዳዳ አጠገብ ፈጽሞ አይሁን። አለዚያ ከአንዱ ሕመምተኛ አፍ የወጣው ወደ ሌላው አፍ ሊመለስ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ስለ ፍሳሽ የሚነገረው በአንድ ብረት ይጀምራል። በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ያለው ብርማ የጥርስ ሙሌት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ሐኪሙ አሮጌ ሙሌት ሲያወጣ ፍርፋሪው በመምጠጫው በኩል ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ወንዝ ይደርሳል። ሜርኩሪ የማይጠፋ መርዝ በመሆኑ የሚናማታ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 በሥራ ላይ ዋለ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህን ፍርፋሪ የሚለይ ማጣሪያ በየጥርስ ሕክምናው ቤት እንዲኖር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አስገድደዋል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ማጣሪያው ከፍርፋሪው 95 በመቶ እንዲይዝ ይጠይቃል። አዲስ ሙሌት በሜርኩሪ ባይሠራም እንኳ አሮጌው ለብዙ ዓመታት መውጣቱ ስለማይቀር፣ ለማጣሪያው የሚሆን ስፍራ ለሠራተኛ በሚደረስበት ቦታ በንድፉ ላይ ይያዝ። የፍሳሹም ቧንቧ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ውሃው ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። በወንበሩ ውስጥ ያሉት የውሃ ቱቦዎች እጅግ ቀጫጭን ናቸው፤ ውሃው ሌሊትና በበዓል ቀን በውስጣቸው ቆሞ ያድራል። በዚያ ጊዜ በቱቦው ግድግዳ ላይ ሙልጭልጭ ያለ የጀርም ሽፋን ይበቅላል። ይህ የቃል ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢጣልያ አንዲት የ82 ዓመት ሴት በሌጅዮኔላ ጀርም በሳንባ ምች ሞተች። ሐኪሞቹ ሲመረምሩ ያው ጀርም ሴትየዋ በሄደችበት የጥርስ ሕክምና ወንበር የውሃ መስመር ውስጥ ተገኘ፤ ጉዳዩም በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የጥርስ ሥራ የተሠራላቸው በርካታ ሕፃናት ከወንበሩ ውሃ በመጣ ጀርም መንጋጋቸው ታመመ። በአሜሪካ የተወሰነው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ500 የማይበልጡ ጀርሞች እንዲገኙ ነው።

ለዚህ መድኀኒቱ ከፊሉ በየቀኑ የሚደረግ ጽዳት ነው፤ ከፊሉ ግን በንድፉ ላይ የሚወሰን ነው። ውሃው ወደ ክፍሉ ሲገባ ማጣሪያ ይደረግለት፤ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል ተብሎ የትም ሳይደርስ የሚቋረጥ የውሃ ቧንቧ አይተው፤ ውሃ በሚቆምበት ጀርም ይራባልና። ወንበሩም የራሱ የውሃ ጠርሙስ የሚገጠምለት ዓይነት ቢሆን፣ የከተማው ውሃ ቢደፈርስ ወይም ቢቋረጥ እንኳ በተጣራ ውሃ ሥራው ይቀጥላል። ከጠርሙሱ ጋር የጣራ ታንከር ካለ መታጠቢያውና መጸዳጃው አይቋረጡም። ከዚህም በላይ በክፍሉ መግቢያ አንድ ዋና መዝጊያ ይደረግ፤ ይኸውም ሠራተኛው ማታ መብራቱን ሲያጠፋ ውሃውም አብሮ የሚዘጋበት የኤሌክትሪክ ቫልቭ ቢሆን ይመረጣል። አንዲት ቀጭን ቱቦ ቅዳሜ ማታ ብትፈነዳ እስከ ሰኞ ጠዋት የምታፈሰው ውሃ ብዙ ነው።

ኤሌክትሪኩን በሚመለከት፣ የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በእርዳታም ሆነ በግዢ ከአሜሪካ የሚመጣ መሣሪያ ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስተካከል ቢቻልም ኸርዙ አይለወጥም፤ ስለዚህ ስጦታ ከመቀበል በፊት ይጠየቅ። ወንበሩ፣ መጭመቂያው፣ መምጠጫው፣ መቀቀያውና ራጁ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና የራሳቸው ማቋረጫ ይኑራቸው። ሕመምተኛው አፉ በውሃ ተሞልቶ በብረት ወንበር ላይ የሚተኛ ስለሆነ ትክክለኛ የመሬት ገመድና ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ የግድ ነው። የራጁ ክንድ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ክብደቱን ክፍት ብሎኬት አይችለውም፤ ግድግዳው ሳይለሰን ብረት ይቀበርበት። ራጁን የሚያነሣው ሠራተኛ ከጨረሩ አቅጣጫ ውጭ ሆኖ ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ ወይም ከመከለያ ጀርባ መቆም ስላለበት፣ የማብሪያው ቁልፍ የሚቆምበት ስፍራ አሁኑኑ ይታሰብ። ለኮምፒዩተር ገመድም ባዶ ቱቦ ይቀበር። ዛሬ አንድ ትርፍ ባዶ ቱቦ መቅበር ርካሽ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ወለሉን ሰብሮ ማስገባት ግን ክፍሉን መዝጋት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮቻችን፣ ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይጠይቅ። አንደኛ፣ በክፍሉ የሚሠራው ሐኪም ንድፉን አይቶ ፈርሟልን? ሁለተኛ፣ የወንበሩ የመትከያ ንድፍ ከሕንፃው ንድፍ ጋር ተያይዟልን? ሦስተኛ፣ ኮንክሪቱ ሳይፈስ የአየሩና የውሃው ቧንቧ በግፊት ተፈትኖ፣ ፍሳሹም ውሃ ተደፍቶበት ታይቷልን? አራተኛ፣ ቧንቧዎቹ ከመሸፈናቸው በፊት ከግድግዳ ያላቸው ርቀት ተለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ከፋይሉ ጋር ተቀምጧልን? የዚህ የመጨረሻው ጥቅም ለኋለኛው ሰው ነው፤ ዛሬ የሠሩት ሁሉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወሩም፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የት እንደሚቆፍር ያውቃል።

ከነዚህ አንዱ እንኳ «የለም» የሚል መልስ ካገኘ የኮንክሪቱን ሥራ ለአንድ ሳምንት ማቆየት ይሻላል። የአንድ ሳምንት መዘግየት በሪፖርት ላይ ያስወቅስ ይሆናል። ነገር ግን ወንበሩ መጥቶ፣ በሣጥኑ እንደታሸገ በኮሪደር ተቀምጦ፣ በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው በበሩ ላይ «ሥራ አልጀመርንም» ተብሎ ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ የከፋ ነው። ያ ሰው ስለ ቧንቧ ምንም አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ስለ እርሱ ማወቅና አስቀድሞ መጠየቅ የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ፋንታ ነው።